የነፍስ እህል

ሰው ለገዛ ነፍሱ ብሎ ከመሬት በታች ያኖረው እህል፣ ደጃፉ ላይ የቆመች ሕፃን በራብ ስትሞት ካልወጣ፣ ያ ማኖር ምን ይባላል? ጥያቄውን ከልጅነቴ ጀምሮ ይዤው ኖሬአለሁ፤ ጥርሴ ረግፎ፣ መነጽሬ ወፍሮ እንኳ መልሱን አላገኘሁም። ስስት ነው እንዳልል፣ ሰውየው ራሱ ከእህሉ አንዲት ፍሬ አልቀመሰም፤ እንደ ጎረቤቱ ሁሉ ጉንጩ ጎድጉዶ፣ ሱሪው ከወገቡ እየወረደ ነበር። ቁጠባ ነው እንዳልል፣ የቆጠበ ሰው ክፉ ቀን ሲመጣ ያወጣል፤ ከዚያ የከፋ ቀን ደግሞ እኔ በዕድሜዬ አላየሁም። ፊደል የቆጠርኩት ዘግይቼ፣ ጸጉሬ ገብስማ ማለት ከጀመረ በኋላ ነው። በማታው ትምህርት ቤት፣ ልጄ ሊሆን የሚችል አስተማሪ አንድ ቀን «የ‹አከማቸ›ን ተመሳሳይ ቃል ንገሩኝ» አለን። ክፍሉ ተንጫጫ፤ «አጠራቀመ!» «ሰበሰበ!» «ቆለለ!» «አካበተ!» አስተማሪው ሁሉንም በጠመኔ እየጻፈ «ሸጋ፣ ሸጋ፣ ሁሉም አንድ ናቸው» ሲል እጄን አነሣሁ። «አንድ አይደሉም» አልኩት። «ምነው እትዬ? ልዩነታቸውን ንገሪና!» ብድግ አልኩ፤ መልሼም ተቀመጥኩ። ክፍሉ ሳቀብኝ። ልዩነቱ በጠመኔ የሚጻፍ አልነበረም። ልዩነቱ ጉድጓድ ነበር።

ይህን ሁሉ የቀሰቀሰብኝ ባለፈው ሰሞን ያጋጠመኝ ሽታ ነው። ክር ልገዛ አራዳ ወርጄ ሳለሁ፣ አንድ መጋዘን ፊት ሰው ተሰብስቦ፣ ፖሊስ ቁልፉን ሰብሮ ጆንያ እያስወጣ ደረስኩ። ባለ ሱቁ ስንዴውን ዋጋው እስኪንር ዘግቶበት ኖሮ ጣሪያው አፍስሶበት ሻግቷል። ከጎኔ ባዶ ዘንቢል ያንጠለጠለች ልጅ እግር ሴት አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ «ከኛ የነፈገውን እግዜር ለምስጥ ሰጠው» አለች። ሰዉ ሳቀ። እኔ ግን ግንቡን ተደግፌ ቆምኩ። ያ ሽታ! እርጥብ ጭድ፣ የከረመ ሊጥ፣ የአይጥ ሽንት፣ ከሁሉም በታች ደግሞ እንደ በሰበሰ ፍሬ የሚጣፍጥ የሚመስል አንድ ነገር አለበት፤ የሚያስጠላውም እሱ ነው፣ ጣፋጭ መስሎ መምጣቱ። ማታ ራዲዮኑ «ሕገ ወጥ ክምችት» እያለ ሲያወራ ዘጋሁት። ሕግ የማያውቀው ክምችት አለ፤ ፖሊስ ቁልፉን የማይሰብረው፣ ቄስ የሚባርከው።

ያኔ ጎንደር የጣልያን ነበረች። ዛሬ ሰው ስለዚያ ዘመን ሲጠይቀኝ ጦርነቱን እንድነግረው ይፈልጋል፤ እኔ የማስታውሰው ግን አዲሱን ፖስታ ቤት ሲቀቡት የነበረውን የቀለም መዓዛ፣ ሽቅብ ሲወጣ የሚያለቅሰውን ማኪና፣ የጣልያን ቅጥር ወታደሮች፣ የአስካሪዎቹ ሚስቶች በክንዳቸው ያንጠለጠሉትን ቀይ የቆዳ ቦርሳ ነው። ከመጠጥ ቤቱ በራፍ የሸክላ ማጫወቻ ቀኑን ሙሉ ይዘፍናል፤ ዘፋኙ የሚለው ባይገባንም እኛ ልጆቹ የራሳችንን ቃል እየከተትንበት እንጮህ ነበር። አቡጀዲ ረክሶ ሴቱ ሁሉ ነጭ በነጭ ሆኗል። የቲማቲም ጣሳ እጀታ ተበጅቶለት ኩባያ፣ የላምባ ቆርቆሮ ተዘርግቶ በር ይሆናል። ወታደሮቹ የሚጥሉልንን ጋሌጣ፣ ያን ድንጋይ ብስኩት፣ በውሃ ነክረን እንግጠው ነበር። ሊሬ እንደ ቅጠል ይረግፋል፤ ሽማግሌዎቹ ግን ከጠገራ ብር በቀር አያምኑም። የዚያን ዘመን ዋጋ በብር አላስታውሰውም፣ በመስፈሪያው ነው የማስታውሰው። ጤፍ መጀመሪያ በቁና ይሸጥ ነበር። እንግሊዝና አርበኛው ከበውን መንገዱ ሲዘጋና ከደንቢያ ጤፍ፣ ከወገራ ገብስ ጭኖ የሚመጣ አህያ ሲጠፋ በጣሳ መሸጥ ጀመረ። አይሮፕላን በሰማያችን ማጓራት ሲያበዛ፣ ቅዳሜ ገበያ ላይ ሴቶች በእፍኝ ይሸጡ ጀመር፤ የሻጯ እጅ ትንሽ ከሆነ ወደ ሌላዋ መሄድ ነው።

እኔ እናቴ ሞታብኝ ከአክስቴ ከእታገኝ ጋር፣ በአንገረብ ወንዝ በኩል ባለው ቁልቁለት ላይ እኖር ነበር። ባሏን ሰፈሩ ሁሉ አያ ደሴ ይለዋል። ዛሬ ዘመዶቼ ሲያነሡት «እሳቸው» ይላሉ፤ እኔ «እሱ» ብዬው አድጌአለሁ፣ ከሞተ በኋላም አላከበርኩትም። ለጣልያን ቆዳ የሚያቀርብ፣ ጥቁር በርኖስ የሚደርብ፣ ጦም የማይስት፣ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ መንገዱን በመቋሚያው እየቆረቆረ የሚሄድ ሰው ነበር። የሚፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሞቶ ተዝካር ሳይወጣለት መቅረት። «ልጅ ይበላዋል፣ ነፍሴ ጦሟን ታድራለች» ይል ነበር፤ የገዛ ልጁ አጠገቡ ተቀምጦ እየሰማ። ስለዚህ ቁም ተዝካር ሊያወጣ ቆረጠ። ሰው ዘመዱን ሳያምን ሲቀር፣ ሳይሞት በፊት፣ ዳሱን ጥሎ ካህናቱንና ድሃውን አብልቶ የነፍሱን ነገር በቁሙ ይጨርሳል፤ ይህ በኛ አገር ያለ ነው። መንገዱ ገና ሳይዘጋ፣ አዝመራ በገባበት ወር፣ ገብሱንና ስንዴውን አስጭኖ አመጣ።

ጉድጓዱ በበቅሎዪቱ ጋጥ ሥር ነበር። አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ፤ አዋቂ ሰው በአፉ አያልፍም። ስለዚህ እኔን ብብቴን በጠፍር አስረው አወረዱኝ፤ ግድግዳውን በጭድ እንድሸፍን። ውስጡ እሳት ተነድዶበት ስለነበር ትኩስ ነው፣ አመድ አመድ ይሸታል።

«ጭዱን ጠጋ ጠጋ አርጊው!» ይለኛል ከላይ፣ ፊቱ የጉድጓዱን አፍ ሞልቶት።

«ጨለመኝ፣ አያ ደሴ!»

«ምነው፣ እህል አያስፈራም። የሚያስፈራ ሰው ነው።»

ከዚያ እህሉን ገለበጡበት፣ የነፍስ አባቱ መጥቶ ጸሎት ደገመበት፣ ሰፊ ድንጋይ ከደኑበት፣ በጭቃ መረጉት፣ በላዩ እበትና ጭድ በተኑበት፤ በቅሎዪቱም በላዩ ቆመች። ቀበሩት ማለት ነው፤ እንደ እህል የተቀበረውንም እንደ ሰው የተቀበረውንም በአንድ ቃል ነው የምንጠራው፣ ያን ቀን ግን እህል የተቀበረ አልመሰለኝም፤ ሰው የተቀበረ መሰለኝ። ነገሩ እኮ ጉድጓድ መቆፈሩ አይደለም። ከኛ በታች ያለች ባልቴት፣ ጣልያን የሚፈልገውን የወንድሟን ልጅ የምታስገባበት ብታጣ፣ የዓመት ቀለቧን ከጉድጓዷ አውጥታ ለጎረቤት አድላ እሱን ከተተችው። እሷ ሸሸገች። አያ ደሴም ሸሸገ። መጽሐፍ የሚያገላብጥ ሰው ሁለቱን በአንድ መስመር ያሰፍራቸዋል፤ እኔ ግን የዚያችን ባልቴት ቃል ለሱ አላውስም።

አሁን እናኑን ላምጣት። እናኑ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው መንደር የምትመጣ ሸክላ ሠሪ ነበረች፤ ቤተ እስራኤል ናት። ሰፈሩ በሌላ ስም ይጠራቸው ነበር፤ እሱን አልጽፈውም። ጥርሷ ፍንጭት፣ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ፣ ሸክላዋን በጀርባዋ፣ ልጇን ትርንጎን በእጇ ይዛ ነበር የምትመጣው። በኛ አገር ሸክላ የሚሸጠው በሙሊቱ ነው፤ ሸክላውን ወስደህ፣ የሚይዘውን ያህል እህል ለሠሪዋ ትሰፍርላታለህ። ገንቦ ለገንቦ፣ ማሰሮ ለማሰሮ። የሚያምር ሕግ ነው፤ ሠሪዋ የገዛ እጇን ሥራ ነው መስፈሪያ የምታደርገው። ከደጅ ግን አታልፍም። ሰዉ «ዓይናቸው ይበላል» ብሎ ስለሚፈራ፣ ሸክላውን አጥሩ ሥር ታኖረዋለች፣ አክስቴ ወጥታ ታነሣዋለች። ትርንጎ በአጥሩ ወዲያ፣ እኔ በወዲህ ሆነን በጭቃ ላም እንሠራ ነበር። የኔ ላሞች እግራቸው ይረግፋል፤ የሷ ይቆማሉ። «ምራቅሽን አታብዢበት፣ ጭቃው ይሰክራል» ትለኛለች፣ እንደ ትልቅ ሰው።

መንገዱ የተዘጋ ሰሞን እናኑ እንስራ ይዛ መጣች። አክስቴ ከደጅ ወጥታ፦

«ምነው እናኑ፣ በዚህ ዘመን እንስራ ማን ይሞላል?» አለቻት።

እናኑ ሳቀች። «እንዲያ ከሆነ፣ እመት እታገኝ፣ የናንተ ጎተራ ሲያጥር የኔም ሸክላ ይጠር! ገንቦ ይዤ እመለሳለሁ።»

በገንቦ ተመለሰች። አልተሞላም። ዝናቡ ሲገባ ማሰሮ ይዛ መጣች። «ይቺስ? የድመት እራት ነው የምትይዝ» አለች፤ አሁንም ትስቃለች፣ ግን ፍንጭቷ ሰፍቶ ከንፈሯ ከጥርሷ ሸሽቷል። ትርንጎ ጭቃ መሥራት ትታ አጥሩን ተደግፋ ትቀመጥ ጀመር። እጇ ቀጥኖ ክርኗ ብቻ ትልቅ ሆኗል። ጭቃ ሰጠኋት፤ በመዳፏ ይዛው እስኪደርቅ ቆየች። ያን ሰሞን እኛም ጠግበን አልነበረም፤ አክስቴ ጎመን ቀቅላ፣ የጋሌጣ ፍርፋሪ በትናበት ታቀርባለች፤ አያ ደሴ ባርኮ፣ ከሁላችንም አሳንሶ ይበላል። በቅሎዪቱ ከጋጧ አንገቷን ወደ መሬት ደፍታ ታሸታለች። ከኛ ሁሉ እሷ እንደምታውቅ አስብ ነበር።

አንድ ቀን አክስቴ አልቻለችም። «ደሴ፣ አንድ ቁና ብቻ እናውጣ» አለችው። «አንድ ቁና። መልሰን እናገባዋለን።»

«ምኑን?»

«ታውቀዋለህ ምኑን።»

«ያ የኔ አይደለም» አላት፤ ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። «ለእግዜር ሰጥቼዋለሁ። ጸሎት ተደግሞበታል። የነፍስ እህል ነው፤ በሆድ አይነካም።»

«እንግዲያው የነፍስ አባትህን ጠይቀው። እሱ ይፍታህ።»

«ብጠይቀው መኖሩን ያስታውሳላ! እሱም እኮ ርቦታል።»

ይህን ሲል በእውነት ለካህኑ ያዘነለት ይመስል ነበር። እኔ እግሩ ሥር ተቀምጬ ነበር፤ የበርኖሱ ጫፍ ፊቴን ሲነካኝ ሳላስበው ወደ ኋላ ሸሸሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ የሱ ልብስ ሲነካኝ ቆዳዬ ይሸማቀቅ ነበር። ዛሬም ጥቁር በርኖስ ሳይ መንገድ እቀይራለሁ።

እናኑ ለመጨረሻ ጊዜ በመጣች ዕለት ዝናቡ አባርቶ፣ ጭጋጉ ከአንገረብ እየተነሣ ነበር። ልጇን በጀርባዋ አዝላ ነው የመጣችው፤ ሸክላ በሚታዘልበት ቦታ። አጎንብሳ አጥሩ ሥር ያኖረችው ሸክላ የጡጫዬን ያህል ነበረች፤ አንገት ያላት፣ ሆድ ያላት፣ የተጠበሰች ገንቦ፣ ግን መጫወቻ። አሁን እናኑ አትስቅም።

«ይችን የሠራችው እሷ ናት» አለች፣ በአገጯ ወደ ጀርባዋ እያመለከተች። «እኔ ያሳነስኩ መስሎኝ ነበር። ‹እማ፣ በጣም ካነሰች ይሞሏታል› ብላ እሷ አሳነሰቻት።»

አክስቴ ዞር ብላ ባሏን አየችው። በራፉ ላይ ቆሞ መቁጠሪያውን ይዟል። አንድ እፍኝ። አንድ እፍኝ እንኳ አትሞላም።

«የለም» አለ።

እናኑ አየችው። ከዚያ ወደ ጋጡ አየች፤ ወይም ለኔ መሰለኝ። በቅሎዪቱ እግሯን መሬት ላይ መታች፤ መሬቱ እንደ ሙሉ ገንቦ ድፍን ያለ ድምፅ መለሰ። ሸክላ የምትሠራ ሴት፣ ቆርቁራ ሙሉና ባዶ የምትለይ ሴት፣ ያን ድምፅ ሳትለይ ቀርታ አይመስለኝም። «ይሁን» አለች፣ ሸክላዋንም ሳታነሣ ሄደች። ትርንጎ ከጀርባዋ አንገቷን አጋድላ ታየኝ ነበር።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ እናኑ ብቻዋን መጣች፤ በጀርባዋም በእጇም ምንም የለም። አክስቴ ሮጣ ወጣች። «ትርንጎስ?» አለቻት።

«ዐረፈች።»

አክስቴ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች፤ ከዚያ ምን እንደምታደርግ ጠፍቷት ትንሿን ሸክላ ከመደርደሪያ አምጥታ፣ የማትነካትን ሴት በሁለት እጇ ልታስጨብጣት ሞከረች። እናኑ እጇን ወደ ኋላ ሰበሰበች። «ባዶ ዕቃ ይመለሳል እንዴ፣ እመት እታገኝ? ሲኖራችሁ ሞልታችሁ ትመልሷታላችሁ» አለች። ስድብ አልነበረም፤ ቢሆንማ ይሻል ነበር። የምናውቀውን ወግ አስታወሰችን፣ ሄደች። ከዚያ ወዲህ አላየኋትም። ኋላ መንደሩን ለቃ ከዘመዶቿ ጋር ወደ ሌላ አገር መውጣቷን ሰማሁ፤ ከብዙ ዘመን በኋላ ደግሞ የነዚያ ሰዎች ልጆች እስራኤል ገቡ ሲባል፣ ከነሱ መካከል እሷ በእርጅናዋ ትኖር ይሆን እያልኩ አስብ ነበር።

ጣልያን ወጣ፤ መንገዱ ተከፈተ፤ አህዮች ከደንቢያ ጤፍ ተጭነው ገቡ። አያ ደሴም ተዝካሩን ሊያወጣ ጋጡን አስጠረገ። በወጉ ቢሆን የጉድጓድ እህል ሰማይ ሲጠራ አፉ ተከፍቶ ይናፈሳል፤ እሱ ግን ጎረቤት እንዳያይበት ፈርቶ ክረምቱን ሙሉ አልነካውም። ድንጋዩ ሲነሣ በመጀመሪያ የወጣው ትኩሳት ነበር፣ እንደ ታማሚ ትንፋሽ። ከዚያ ሽታው። ቁፋሮ ላይ የነበሩት ሁለት ሰዎች ወደ ኋላ ተስፈነጠሩ፤ አንዱ አጥሩ ሥር አስመለሰው። ከላይ ያለው እህል ጠቁሮ እንደ ቅርፊት ተያይዟል፤ ከሥሩ ያለው እህል ቡቃያ አውጥቶ፣ ነጭ ጺም አብቅሎ ሞቷል፤ መካከል ላይ ብቻ፣ ሻግቶም ቢሆን እህል የሚመስል ነገር ነበር። አያ ደሴ ጎንበስ ብሎ አንድ እፍኝ አነሣ፣ አሸተተ፣ ፊቱ አልተለወጠም። «ይታጠባል» አለ።

ታጠበ። አክስቴ ከነጎረቤቶቿ ቀሃ ወንዝ ወስዳ አጠበችው፣ ፀሐይ ላይ አሰጣችው፣ ቆላችው፤ እጇ ለሳምንታት ሸተተ፤ ራሷ የጋገረችውን መብላት አልቻለችም። ለካህናቱ ደግሞ ከገበያ ነጭ ጤፍ ተገዛ። ዳሱ ተጣለ፣ ሰንጋ ወደቀ። ከዳሱ ውስጥ ነጩ ጤፍ ነው፤ ከአጥሩ ውጭ፣ ለተሰለፈው ድሃ፣ የጉድጓዱ። ያ በራብ ዓመት ለእግዜር ተሰጥቷልና አይነካም የተባለው የነፍስ እህል፣ ለእግዜር ሰዎች እንኳ አልቀረበም። ሰውየው በበርኖሱ ተጠቅልሎ መካከል ተቀምጧል፤ ሰዉ በቁሙ «ነፍስህን ይማር» ይለዋል፣ እሱም «አሜን» ይላል። አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ፦

ሂድ በለው ራብን፣ ይሻገር ማዶ፣
ደሴ ደጅ ዳስ ተጥሏል፣ ሰንጋ ታርዶ።

እያለ ያሞግሳል። ከአጥር ውጭ አንዲት አሮጊት እንጀራውን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ «ይህ እንጀራ ከኛ በፊት ሞቷል» አለች። ከጎኗ ያለው ዓይነ ስውር «ዝም በይና ብዪ፤ ተዝካር አይደል?» አላት። ተሳሳቁ፤ በሉት። ማታውን ሆዳቸው ሲጮህ አደረ ተባለ። እኔ ትሪ ተሸክሜ በሁለቱ መካከል ስመላለስ ነበር፤ ከነጩ ወደ ጥቁሩ፣ ከጥቁሩ ወደ ነጩ፤ የጠጣሁት ውሃ እንኳ ያን ያን ሸተተኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው አያ ደሴ «የድሃ አባት» የተባለው። በክፉው ዘመን ጎንደርን ያበላ ሰው እየተባለ፣ ክፉው ዘመን ካለፈ በኋላ ባበላው ግማት ስሙ ተተከለ። ኖረ፣ ሸመገለ፣ ሞተ። አክስቴም ስትሞት፣ አልጋዋ ሥር ካለው ሣጥን ትንሿን ሸክላ አውጥታ ሰጠችኝ። «ባዶ እንዳትመልሻት» አለችኝ፤ ለማን እንደምመልስ ግን አልነገረችኝም።

ማንበብ ከተማርኩ በኋላ ዘመኔን ያሳለፍኩት በአንድ ትምህርት ቤት የመጻሕፍት ክፍል ነው። ሥራው ጸጥታ ያለው ነበርና ቃላቱን አንድ በአንድ እያነሣሁ በዚያ ጉድጓድ ላይ ለካሁ። ቋጠረ አልኩ፤ መቋጠር የድሃ ሴት የነጠላ ጫፍ ነው፣ ያውም ለልጇ። ከመረ አልኩ፤ ክምር በአውድማ ላይ ቆሞ ወፉም ዝንጀሮውም ያየዋል፣ ይቀምሰዋል። አደለበ አልኩ፤ የደለበ በሬ እንኳ መጨረሻ ይበላል። ነፈገ ወደ እውነቱ ይቀርባል፤ ንፉግ ግን ማን እንደለመነው ያውቃል፣ ያፍራል፤ አያ ደሴ አላፈረም፣ ጸለየ። ሰሰተ ደግሞ ይበልጥ አስጠላኝ፤ እናት ልጇን ስትወድ «እሳሳላታለሁ» ትላለችና፣ ያን ቃል እናኑ ከጀርባዋ ላዘለቻት እንጂ እሱ ጉድጓዱን ለከደነበት ድንጋይ መስጠት አልችልም። እያንዳንዱን ቃል አንሥቼ፣ አሽትቼ፣ መልሼ አስቀመጥኩ።

በዚህ መካከል የአያ ደሴ የልጅ ልጅ ዳኛቸው መጣ። ደግ ልጅ ነው፣ ከሥራው ተርፎት ለዘመድ የሚደርስ፤ የአያቱን መቃብር በድንጋይ ሊያሠራ ተነሥቶ ነበር። ጠራቢው ጽሑፉን እየጠበቀ ነው። እቤቴ ገብቶ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«እቴቴ፣ ቃል የምታውቂ አንቺ ነሽ። ሰውየው በፊደል ቆጥሮ ነው የሚያስከፍለን፤ አጠር ያለ፣ ከበድ ያለ ስጪኝ። ‹ራብን ያበላ› ብዬ ነበር...»

«ራብን አያበሉም። የራበውን ነው የሚያበሉ» አልኩት።

ሳቀ። «አየሽ! ለዚህ እኮ ነው የመጣሁት። እንግዲያው ‹ቸር› ይሻላል ወይስ ‹ለጋስ›? አባቴ ሲሞት እንኳ ‹የአባቴን ስም በድንጋይ አስቀምጥ› ብሎኛል፤ ልጆቼ አንብበው እንዲኮሩ ነው።»

ልጆቹ። በዓይነ ኅሊናዬ ሁለቱ ሴቶች ልጆቹ መቃብሩ ፊት ቆመው፣ ጣታቸውን በተቀረጸው ፊደል ላይ እየጎተቱ ሲያነቡ ታዩኝ። ያ ግማት ከዳሱ አጥር ወጥቶ፣ በቄስ አፍ፣ በአዝማሪ አፍ አልፎ አሁን በድንጋይ ላይ ሊጻፍና በሕፃናት አፍ ሊገባ ነው፤ የሚጽፈውም የኔ እጅ ነው። ብድግ አልኩ፤ ያን ጊዜ በማታው ክፍል እንደተነሣሁት፣ ግን አልተቀመጥኩም። ከሣጥኔ ትንሿን ሸክላ አውጥቼ ፊቱ አኖርኳት።

«ይህቺ ምንድን ናት?» አለ።

«አያትህ መሙላት ያቃተው ሸክላ ናት።»

ነገርኩት። ጋጡን፣ ጠፍሩን፣ የነፍስ አባቱን፣ እንስራውን፣ ገንቦውን፣ ማሰሮውን፣ «የለም» ያለበትን በራፍ፣ ነጩንና ጥቁሩን እንጀራ። ድምፄን ከፍ አላደረግኩም፤ ቃልም አልመረጥኩም። መጀመሪያ «ዘመኑ እኮ ክፉ ነበር፣ እቴቴ» አለኝ። «ክፉ ነበር» አልኩት፣ ቀጠልኩ። ከዚያ «ምናልባት አላወቁም ይሆናል፣ ልጅቷ እንደምትሞት» አለኝ። «በራፉ ላይ ቆሞ ነበር» አልኩት፣ ቀጠልኩ። ከዚያ ወዲያ አላቋረጠኝም። ስጨርስ ውጭ የጎረቤት ዶሮዎች ይጭሩ ነበር።

«ታዲያ ምን ብዬ ላስጽፍ?» አለኝ፣ ፊቱ አመድ መስሎ።

«አላውቅም። ቃሉን ስፈልግ ነው የኖርኩት። ስሙን ብቻ ጻፍ፤ ስም ውሸት አይሆንም።»

እጁን ዘረጋ። ሸክላዋን አነሣ፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሮ ሥሯን አየ። ጭቃው እርጥብ ሳለ የተጫነ የአውራ ጣት አሻራ አለባት። ዳኛቸው የራሱን አውራ ጣት እዚያ ሊያሳርፍ ሞከረ፤ አልገባም። ቀስ ብሎ፣ እንደምትሰበር ያህል፣ መልሶ አስቀመጣት።

«ስሟ ማን ነበር?» አለኝ።

«ትርንጎ» አልኩት።